ከአፌ አውጥቼ የዘረጋሁላት መተንፈሻ

የሆነው ነገር ከአራት ሰከንድ አይበልጥም፤ ነገር ግን ወራት ካለፉ በኋላም ከውስጤ አልወጣ ብሎኛል። ቀደም ሲል ስኩባ፣ ማለትም በጀርባ ከተሸከሙት ሲሊንደር አየር እየሳቡ መጥለቅን፣ ለተማሩ ሰዎች በሚሰጥ የማደሻ ሥልጠና ላይ ነበርን። በ10 ሜትር ጥልቀት፣ አሸዋማው የባሕር ወለል ላይ ተንበርክከን፣ ከልምምድ ጓደኛዬ ጋር ፊት ለፊት እንተያያለን። ተራው የእሷ ነበር። መተንፈሻዋን ከአፏ አወጣች፤ መዳፏን ዘርግታ አንገቷ ላይ እንደ ቢላ ወዲያና ወዲህ አመላለሰች። «አየር አልቆብኛል» ማለት ነው። እኔም እንደተማርነው የምተነፍስበትን ከራሴ አፍ አውጥቼ ዘረጋሁላት፤ በሌላው እጄም አገጬ ሥር በላስቲክ የተንጠለጠለውን ተጠባባቂ መተንፈሻ ፈለግሁ። እጇ መጣ። መተንፈሻውን ሊይዝ አንድ ስንዝር ሲቀረው ግን ቆመ።

ከማስኩ መስታወት በስተጀርባ ዓይኖቿ ወዴት እንደሄዱ አየሁ። ከንፈሬን ነበር የሚያዩት። በላይኛው ከንፈሬ ጠርዝ ላይ ከሁለት ቀን በፊት የወጣብኝ ምች ነበር። እሷ ደግሞ ከከንፈሮቿ መካከል ደቃቃ የአየር አረፋ እየለቀቀች ነበር፤ መተንፈሻ ከአፍ በወጣ ጊዜ ትንፋሽን ማፈን ክልክል ስለሆነ ትክክል አድርጋለች። አረፋዎቹ እየሳሱ፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተት እየሰፋ ሲሄድ ተመለከትኩ። በመጨረሻ መተንፈሻውን ያዘችው፤ የፊቱን ቁልፍ ተጭና በውስጡ ያለውን ውኃ በአየር አስወጣች፤ ጎረሰችው፤ ተነፈሰች። አሠልጣኙ በጣቶቹ ክብ ሠርቶ «ደህና ነው» አለን፤ ወደ ሚቀጥለውም ልምምድ አለፍን።

ወደ ላይ ወጥተን ዕቃችንን ስናወልቅ ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ትንሽ ግራ ገብቶኝ ነው» አለችኝ። «ኧረ ምንም አይደል፣ ልጄ» አልኳት። ከመልሴ በላይ የሚያሳፍረኝ ነገር የለም፤ ምክንያቱም ይቅርታ የሚጠይቀው ሰው እሷ አልነበረችም።

ያልተናገርኩት

ምች ከንፈሬን እንደሚወረኝ ያወቅሁት በዋዜማው አይደለም፤ ከዚያም በፊት ነው። ምች የሚወጣበት ሰው ምልክቱን ያውቀዋል፤ ገና ምንም ሳይታይ ቦታው ይነዝራል፣ ያሳክካል፣ ሙቀት ሙቀት ይለዋል። በልምምዱ ዕለት ጠዋት በመስተዋት ስመለከት ውኃ የቋጠሩ ትናንሽ እብጠቶች በአንድ ላይ ተሰብስበው ነበር። ቅባት ቀባሁበት። ቅባቱ ድርቀቱን ያለሰልሰው እንደሆነ እንጂ የቫይረሱን መንገድ እንደማይዘጋ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ሥልጠናውን መሰረዝ አልፈለግሁም፤ «ይኼን ለማን እነግራለሁ» ብዬም ተሸማቀቅሁ።

እሷ ደግሞ ገና በየብስ ላይ ሳለን እንዳየችው እርግጠኛ ነኝ። ዕድሜዋ የእኔን ግማሽ ቢሆን ነው። አንድን ታላቅ ሰው «ከንፈርዎ ላይ ያለው ምንድን ነው? የእርስዎን መተንፈሻ ባልጎርስስ?» ብሎ መጠየቅ በእኛ አነጋገርና አስተዳደግ እንዴት እንደሚከብድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል እንደሚባለው፣ ፍርዷን በልቧ ይዛ ወረደች፤ ፍርዱ ግን እጇ ላይ የወጣው በ10 ሜትር ጥልቀት፣ አፏ ባዶ በሆነበት ሰዓት ነው። የእኔ ዝምታና የእሷ ይሉኝታ ተደምረው፣ በመሬት ላይ በግማሽ ደቂቃ ንግግር ሊያልቅ ይችል የነበረን ጉዳይ ንግግር ወደሌለበት ቦታ ወሰዱት።

ልምምድ ባይሆንስ ኖሮ? በ10 ሜትር ላይ ያለው ግፊት በውኃው ገጽ ላይ ካለው ሁለት እጥፍ ነው። እዚያ የታፈነ ትንፋሽ ወደ ላይ ሲወጣ መጠኑ እጥፍ ይሆናል፤ ሳንባን ሊቀድና የአየር አረፋን ወደ ደም ሥር ሊያስገባ ይችላል። አየር ያለቀበት ሰው የተዘረጋለትን መተንፈሻ ሲጠየፍ የሚቀረው አማራጭ ወደ ላይ መሮጥ ነው፤ ደንግጦ የሚሮጥ ሰው ደግሞ ትንፋሹን ማፈኑ የተለመደ ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ያለ ምንም ማቅማማት ልናገር፦ በእውነተኛ አደጋ ጊዜ የማንንም መተንፈሻ፣ በምንም ዓይነት ሁኔታ ላይ ያለ ከንፈር የነካው ቢሆን፣ መጉረስ ነው። የከንፈር ቁስል ይድናል። የንጽሕና ጉዳይ ቀድሞ በየብስ ላይ ማለቅ አለበት የምለውም ለዚሁ ነው፤ ከታች ማንም ሰው በዚህ ጥያቄ እንዳይያዝ።

መተንፈሻው ውስጥ ምን አለ?

ከዚያን ቀን በኋላ መተንፈሻዬን ፈትቼ ማየት ፈለግሁ። አፍ ውስጥ ገብቶ በጥርስ የሚያዘውን የሲሊኮን ክፍል መንከሻ እለዋለሁ። መንከሻውን ከመተንፈሻው ጋር ያያያዘውን ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ ቆርጬ ሳወልቀው፣ ሁልጊዜ በንጹሕ ውኃ የማለቀልቀው ዕቃ ከሥሩ ምን እንደያዘ አየሁ። ሲሊኮኑ በፕላስቲኩ አንገት ላይ በተጫነበት ጎድጎድ ዙሪያ፣ ግራጫ ቀለም ያለው፣ በጣት ሲነካ የሚያሟልጭ ስስ ነገር ቀለበት ሠርቶ ነበር። በመካከሉ ሁለት ሦስት የአሸዋ ቅንጣት ተለጥፏል። ሽታው ብዙ ቀን የቆየ የአበባ ማስቀመጫ ውኃን ይመስላል።

ይህ አሟላጭ ነገር ባዮፊልም ይባላል፤ ተሕዋስያን በአንድ ላይ ተጣብቀው፣ ራሳቸው በሚያመነጩት ሙጫ መሰል ነገር ተሸፍነው የሚኖሩበት ሰፈር ነው። ሽፋኑ ስለሚከላከልላቸው ውኃ ማፍሰስ ብቻ አያነሣቸውም፤ በብሩሽ መፈተግ ያስፈልጋል።

የመሣሪያውን አሠራር ለሚያውቅ ይህ አያስደንቅም። ከሲሊንደሩ የሚመጣው አየር ደረቅና ንጹሕ ነው፤ ወደ ውጭ ስንተነፍሰውም አየሩ በታች ባለው የአንድ አቅጣጫ በር በኩል ወደ ውኃው ይወጣል። ስለዚህ መተንፈሻ የተዋሰ ሰው የጓደኛውን የተቃጠለ አየር መልሶ ይስባል ማለት አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚፈራው ይህንን ነው፣ ፍርሃቱ ግን ቦታውን የሳተ ነው። የሚያሳስበው መንከሻውና ከእሱ በስተኋላ ያለችው ትንሽ ክፍል ናት። ወደ ውስጥ የሚገባውም ወደ ውጭ የሚወጣውም ትንፋሽ በእሷ በኩል ያልፋል። ምራቅ፣ የትንፋሽ እርጥበት፣ አንዳንዴም የሳል ጠብታ እዚያ ይቀራል። ማዕበል ያጥወለወለው ሰው በመተንፈሻው ውስጥ ማስታወክ እንደሚችልም በሥልጠና ይነገራል፤ መሣሪያው ይችለዋል። ከዚያ ከረጢት ውስጥ ገብቶ በጨለማ፣ በሙቀትና በእርጥበት ለቀናት ይቀመጣል።

የፊቱን ቁልፍ ተጭኖ ውኃን ማስወጣት በውስጡ ያለውን ጠብታ ይገፋል እንጂ አያጸዳም። የባሕር ውኃም እንዲሁ ነው። «ጨው ሁሉን ይገድላል» የሚሉ ልምድ ያላቸው ጠላቂዎች አጋጥመውኛል፤ አልስማማም። ባሕሩ ራሱ በሕይወት የተሞላ ነው፤ በመቀባበሉ መካከል የሚገባው ውኃ ምራቁን ያቀጥነዋል፣ ያ ጥቅም አለው፤ ማቅጠንና ማጽዳት ግን አንድ አይደሉም።

ሌላም የሚረሳ ቦታ አለ፤ ቢሲዲ የሚባለው፣ አየር እየተሞላ የሚያንሳፍፈን ጃኬት። በውስጡ ሁልጊዜ ጥቂት ውኃ ይቀራል። በጭንቅ ጊዜ ከጃኬቱ ውስጥ አየር መሳብ እንደሚቻል ከድሮ ጠላቂዎች ይሰማል፤ በውስጡ የሚራቡትን ተሕዋስያን በቀጥታ ወደ ሳንባ መሳብ መሆኑን ያወቀ ሰው ግን ለልምምድ ብሎ አይሞክረውም። የተነፈሱትን አየር አጣርቶ መልሶ በሚያዘዋውረው ሪብሪዘር ደግሞ ችግሩ የባሰ ስለሆነ፣ ተጠቃሚዎቹ የመተንፈሻ ቱቦውንና ከረጢቱን በፀረ ተሕዋስያን ማጠብን የሥራው አካል አድርገው ይዘውታል። ለሳምንታት በግፊት ክፍል ውስጥ እየኖሩ በጥልቅ ባሕር የሚሠሩ ባለሙያዎች ዘንድም ሱዶሞናስ በሚባል ባክቴሪያ የሚመጣ የጆሮ ኢንፌክሽን የታወቀ ችግር ነው። ሙቀትና እርጥበት በተገናኙበት ሁሉ ጉዳዩ አንድ ነው።

ስለ ምችና ስለ ሌሎቹ

ምች ያልኩት በሕክምናው ኸርፐስ ሲምፕሌክስ ዓይነት 1 የተባለ ቫይረስ የሚያመጣው ነው። እኛ ከፀሐይ ጋር እናያይዘዋለን፤ ግማሽ እውነት አለው። ቫይረሱ አንድ ጊዜ ከገባ በነርቭ ውስጥ ተኝቶ ይኖራል፤ ኃይለኛ ፀሐይ፣ ትኩሳት፣ ድካም ይቀሰቅሱታል። በጀልባ ላይ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚመታው ጠላቂ ምች ቢወጣበት እንግዳ ነገር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው ከ50 ዓመት በታች ካለው የዓለም ሕዝብ 3.8 ቢሊዮን የሚሆነው፣ ማለትም 64 በመቶው፣ ይህ ቫይረስ አለበት። አብዛኛው አያውቀውም። ቫይረሱ ቁስል በማይታይበትም ጊዜ በምራቅ ሊወጣ ይችላል፤ ይበልጥ የሚተላለፈው ግን ቁስሉ ገና ውኃ እንደቋጠረ ነው። የእኔ ከንፈር በዚያን ቀን የነበረው ልክ በዚህ ደረጃ ላይ ነው።

ቁጥሩን ሳነብ መጀመሪያ ላይ መጽናናት ዳድቶኝ ነበር፤ «ብዙ ሰው ካለበት እሷም ቀድሞ ሊኖርባት ይችላል» እያልኩ። ወዲያው ግን ይህ ሐሳብ ደስ አላለኝም። ላይኖርባትም ይችላል፤ ያንን የመወሰን መብትም የእኔ አልነበረም። እንደ እኔ ላለው ጤነኛ ሰው የሚያሳፍር ቁስል ብቻ የሆነው ነገር፣ የሰውነት መከላከያው ለተዳከመ ወይም አራስ ልጅ በቤቱ ላለ ሰው ከባድ ሊሆን ይችላል። ስለ እሷ ቤት የማውቀው ነገር አልነበረም።

ጉንፋን፣ ኢንፍሉዌንዛ፣ የጉሮሮ ቁስል የሚያመጡ ባክቴሪያዎች በምራቅና በአክታ ጠብታ ይተላለፋሉ፤ መንከሻ የእነዚህ ሁሉ ድልድይ መሆን ይችላል። ይህን የምለው ጤነኛ ሰው አንድ ጊዜ መተንፈሻ ስለተጋራ ይታመማል ለማለት አይደለም። ደግሞም መጋራት አዲስ ነገር አይደለም። ፈረንሳውያኑ ዣክ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን በ1943 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጠላቂው ሲስብ ብቻ አየር የሚለቀውን መሣሪያ ከሠሩ በኋላ፣ አንድ መንከሻ ይዘው ሁለት ሁለት ጊዜ እየተነፈሱ መቀባበል ለረዥም ዘመን ለጀማሪ ሁሉ ይሰጥ የነበረ ትምህርት ነው። ኦክቶፐስ የሚባለው፣ ብዙውን ጊዜ ቢጫ የሆነው ተጨማሪ መተንፈሻ ሲለመድ ነው ያ ልማድ የቀረው። የቀረውም በዋናነት ለንጽሕና ሳይሆን፣ በድንጋጤ መካከል መቀባበል ለሁለቱም ሰው አደገኛ ስለነበረ ነው።

እኛ የተማርነው፣ ከአፍ አውጥቶ መስጠት፣ ከዋሻ ጠላቂዎች የመጣ አሠራር ነው። አስተሳሰቡ ጥሩ ነው፤ ከአፌ ያወጣሁት መተንፈሻ እንደሚሠራ በዚያች ቅጽበት የተረጋገጠ ነው፣ የተቸገረው ሰውም ፍለጋ አይገባም። ከንጽሕና አንፃር ግን ከሁሉ ይልቅ ምራቅ የነካውን ዕቃ መስጠት ነው። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሲመጣ ይህ ጥያቄ በጠላቂዎች ዘንድ በግልጽ ተነሣ። በ1980 የተመሠረተው፣ ለጠላቂዎች ደኅንነት የሚሠራው ዳይቨርስ አለርት ኔትወርክ ስለ ማጽዳት ዝርዝር ምክር አወጣ፤ ሥልጠና ሰጪዎችም የመቀባበል ልምምዶችን አሻሻሉ፤ የመጥለቂያው ማስክ መስታወት እንዳይደበዝዝ በምራቅ መቀባት እንኳ እንዲቀር ተመከረ። ወረርሽኙ ሲረግብ ብዙው ነገር ወደ ቀድሞው ሲመለስ ዝም ብለን አየን። ይህ ያሳዝነኛል፤ ለአንድ ቫይረስ የተማርነው ለሌሎቹም ይሠራ ነበርና።

በርሜሉ

ሥልጠናውን የወሰድንበት ቦታ በራፉ ላይ አንድ ትልቅ ሰማያዊ በርሜል ነበረ። ጠዋት በንጹሕ ውኃ ይሞላል። ስምንት ሰዎች ማስካቸውን፣ መተንፈሻቸውን፣ ጫማቸውንና ጓንታቸውን እዚያው ያጥባሉ። ከሰዓት በኋላ ስመለከት ውኃው የሩዝ ውኃ መስሎ ነበር፤ በላዩም ላይ ቀጭን የቅባት ሽፋን በፀሐይ ያብረቀርቃል። ሰው ሁሉ ግን መንከሻውን እዚያ ነክሮ «ታጠበ» እያለ ይሰቅላል። የእኔም ከመካከላቸው ነበር። ያ በርሜል ጨውን ያስወግዳል፤ የስምንት ሰው ምራቅ ግን በስምንቱም ዕቃ ላይ እኩል ያከፋፍላል። መንከሻ ያለበት ዕቃ ከጫማና ከጓንት ጋር በአንድ ውኃ መታጠብ የለበትም፤ ይህን ለመረዳት ሳይንስ አያስፈልግም።

አሁን የማደርገው ይህ ነው። በመጀመሪያ መንከሻውን በሙቅ ውኃና በሳሙና፣ በለስላሳ ብሩሽ እፈትጋለሁ፤ ቆሻሻ ባለበት ላይ የፈሰሰ በረኪና ኃይሉን በቆሻሻው ላይ ይጨርሳልና ቅድሚያው የፍተጋ ነው። ሳሙናው ብቻውንም ቢሆን ምችንና ኮሮናን የመሳሰሉ የቅባት ሽፋን ያላቸውን ቫይረሶች ይጎዳል። ከዚያ ከ5.25 እስከ 8.25 በመቶ ጥንካሬ ያለው የቤት በረኪና ከሆነ፣ በአንድ ሊትር ውኃ 20 ሚሊ ሊትር ያህል በጥብጬ፣ ዕቃው ቢያንስ ለ1 ደቂቃ በሙሉ እንደረጠበ እንዲቆይ አደርጋለሁ። ብጥብጡ ስለሚደክም በየቀኑ አዲስ ይሠራል፤ ከአሞኒያም ሆነ ከአሲድ ጋር ከተገናኘ መርዘኛ ጋዝ ስለሚያወጣ ከሌላ ማጽጃ ጋር አይቀላቀልም። ኳተርነሪ አሞኒየም ያለባቸው ማጽጃዎችም ይሠራሉ፤ የመቆያ ጊዜያቸው በመያዣቸው ላይ ተጽፏል። ሰው የሚስተው ይህንን የመቆያ ጊዜ ነው፤ ነክሮ ወዲያው ማውጣት ከማለቅለቅ አይለይም። በመጨረሻም በብዙ ንጹሕ ውኃ አጥቤ፣ ከፀሐይ ርቆ አየር በሚያገኝበት ቦታ እስኪደርቅ እሰቅለዋለሁ።

ከሲሊንደሩ ጋር ሳይያያዝ የሚዘፈዘፍ መተንፈሻ የፊት ቁልፉ እንዳይጫን ጥንቃቄ ያሻዋል፤ ከተጫነ ውኃው በቱቦው በኩል አልፎ ግፊቱን ወደሚቀንሰው ዋናው ክፍል ሊደርስ ይችላል። አልኮልን ደግሞ እተዋለሁ፤ ተቀጣጣይ ስለሆነ ኦክስጅን በበዛበት መሣሪያ አጠገብ ቦታ የለውም።

ከሁሉ የቀለለው መፍትሔ ግን የራስን መንከሻ መያዝ ነው። በመዳፍ ውስጥ የምትገባ ትንሽ ሲሊኮን ናት፤ አንድ ማሰሪያ ተቆርጦ በሌላ ይተካል። የተከራየ መሣሪያ የሚጠቀም ሁሉ የራሱን ይዞ ቢሄድ፣ ቢያንስ ከእሱ በፊት ያለፈውን ሰው ጥርስ ምልክት አይነክስም። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው።

ከመግባታችን በፊት

ጠላቂዎች ከመግባታቸው በፊት አንዱ የሌላውን ዕቃ ይፈትሻል፤ ጃኬቱ፣ ክብደቱ፣ ማሰሪያዎቹ፣ አየሩ። ከዚህ ጋር ሁለት ጥያቄ መጨመር ጀምሬያለሁ፦ «ከንፈርህ፣ ጉሮሮህ፣ ደረትህ ደህና ነው? አየር ቢያልቅብህ የምትጎርሰው የትኛውን ነው?» ቀድሞ የምናገረውም እኔ ነኝ፤ ታላቅ የሆነው ሰው ቀድሞ ካልተናገረ ታናሹ አይናገርምና። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ምሳሌ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ደባቂውን ራሱን ብቻ የሚመለከት ይመስለኝ ነበር። በጥንድ በሚሠራ ሥራ ላይ ግን ደባቂው መድኃኒት የሚያሳጣው ለሌላው ሰው ጭምር ነው።

ከዚያች ልጅ ጋር በሌላ ቀን እንደገና ተመደብን። በዋዜማው ማታ ያው ቦታ ነዘረኝ። ጠዋት ዕቃችንን ስንገጣጥም ጠራኋትና ከንፈሬን በጣቴ አሳየኋት። «ባለፈው የጠየቅሽኝን ይቅርታ እኔ ነበርኩ መጠየቅ የነበረብኝ» አልኳት። «ዛሬም ሊወጣብኝ ነው። የምትወስጂው ቢጫውን ነው፤ ትናንት ፈትጌ፣ ዘፍዝፌ፣ አድርቄዋለሁ፤ እኔ አልጎረስኩትም። የእኔ ከአፌ አይወጣም።» አሠልጣኙንም አማከርነው፤ ተስማማ።

ቢጫውን ተቀብላ አገላብጣ አየችው። ከዚያ ወደ መሬት እያየች፣ «ጋሼ፣ እኔም ልንገርዎት፤ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ጉሮሮዬን ያመኛል፤ አፍንጫዬም ተዘግቷል። እንዳልቀር ብዬ ነው የመጣሁት» አለችኝ። አፍንጫው የተዘጋ ሰው ጆሮውን ከግፊቱ ጋር ማስተካከል ስለሚቸግረው መጥለቅ የለበትም፤ ይህንን እሷም ታውቀዋለች። ሥልጠናው ለሁለታችንም ለሌላ ጊዜ ተላለፈ።

ሌሎቹ ወደ ውኃው ሲሄዱ እኛ ጥላ ሥር ቀረን። በየራሳችን ባልዲ ሙቅ ውኃ ቀዳን፤ መቁረጫውን ተቀባብለን የመንከሻዎቻችንን ማሰሪያ ቆረጥን። የእሷን አውልቃ ከሥሩ ያለውን ግራጫ ቀለበት ስታይ እጇ ለአፍታ ቆመ። ከዚያ ብሩሹን አነሣች።